መቀመጫው ይረዝማል፣ ፍሬሙ ግን አይረዝምም

(ባለፈው እሑድ ጠዋት ለገጣፎ አካባቢ ብስክሌት ለሚነዱ ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልነበሩ ልጆች ጻፍልን ስላሉኝ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። መሃል ላይ የተነሱ ጥያቄዎችንም አላወጣኋቸውም።)

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ብርድ ማልዳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሰንዳፋ እየነዳችሁ የመጣችሁ ልጆች እንዳላችሁ በር ላይ ሰምቻለሁ። እናንተ መጀመሪያ ሻያችሁን ጠጡ፣ እኔ የትም አልሄድም።

ሦስት ዕቃ ይዤ መጥቻለሁ። ሜትር፣ ውሃ ልክ እና ቱንቢ። ከጎረቤቴ ከግንበኛው ነው የተዋስኳቸው። እዚህ ሰፈር በየአጥሩ ቤት እየተሠራ ስለሆነ እነዚህን ማግኘት አያስቸግርም። ልክ የሆነ ብስክሌት ለመምረጥ ከእነዚህ ሌላ ብዙ ዕቃ አያስፈልጋችሁም።

ዛሬ የማወራው ለረጅሞቹ ነው። ከ1 ሜትር ከ85 በላይ ለሆናችሁ። ሌሎቻችሁም ስሙ፣ አብሯችሁ የሚነዳ ረጅም ጓደኛ አይጠፋም። ልላችሁ የፈለግኩት ነገር አንድ ነው። ትንሽ ብስክሌት ገዝታችሁ መቀመጫውን ወደ ላይ ስለሳባችሁት ልካችሁ አይሆንም። መቀመጫ ከፍ ይላል። መሪ ግን እንደ መቀመጫ ከፍ አይልም። ፍሬም፣ ማለትም የብስክሌቱ ዋናው የብረት አካል፣ ደግሞ ጭራሽ አይረዝምም።

እኔ 1 ሜትር ከ91 ነኝ። የመጀመሪያ የኮርስ ብስክሌቴን በ2004 ዓ.ም. መርካቶ ገዛሁ። ቁጥሩ 54 ነበር። ያኔ ብስክሌት እንደ ጫማ ቁጥር እንዳለው እንኳ አላውቅም። ሻጩ ቡሎኑን ፈታ፣ መቀመጫውን ወደ ላይ ሳበው፣ አጠበቀውና «ይኸው፣ ልክህ ነው» አለኝ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ሲዘረጋ እውነትም ልኬ መሰለኝ። ቀይ ነበር። በጣም ነው የወደድኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ወገቤን ያመኝ ጀመር። ከዚያ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቼ መደንዘዝ። ከዚያ አንገቴ። ጀማሪ ስለሆንኩ ነው፣ ይለመዳል ብዬ ዝም አልኩ። አብረውኝ የሚነዱትም «ጠንክር» ይሉኝ ነበር። ግን ጉዳዩ የጥንካሬ አልነበረም። አንድ ቀን ከእንጦጦ ወደ ከተማ ስወርድ የፊት ጎማው መወዛወዝ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ መሪውን ከእጄ ሊያስጥል ሲል። መሪውን አንቄ በያዝኩት ቁጥር ይብስበታል። እንዴት እንደቆምኩ እስካሁን በደንብ አላስታውስም፣ የማስታውሰው ዳር ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ፣ እግዚአብሔር አያድርገው፣ የላይኛውን ብረት በሁለት ጉልበታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከመቀመጫው ትንሽ ተነሱ፣ እጃችሁን አላሉ፣ ፍሬን በቀስታ። አንቆ መያዝ የለም። ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ያህል አልደነግጥም ነበር።

ለምን ተወዛወዘ? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ ቸርኬውም፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ፎርኩም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የእኔ ላይ ግን ዋናው አቀማመጤ ይመስለኛል። መቀመጫው የቆመበት ብረት ዘመም ያለ ነው፣ 73 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ መቀመጫውን 10 ሴንቲሜትር ከፍ ስታደርጉት ወደ 3 ሴንቲሜትር ወደ ኋላም ይሄዳል። ረጅም ሰው ትንሽ ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ የኋላ ጎማው ላይ ይከመራል፣ ፊቱ ይቀላል፣ እጁ ደግሞ ሩቅና ዝቅ ያለ መሪ ለመያዝ ይወጠራል። ቁልቁለት ላይ ይህ ጥሩ አይደለም።

የዚያ ብስክሌት መጨረሻም ይነገር። የመቀመጫው ብረት ላይ ትንሽ መስመር አለች። «ከዚህ በላይ አታውጣ» የምትል ምልክት ናት። የእኔዋ መስመር ከፍሬሙ ወጥታ ወደ ሁለት ጣት ያህል ትታይ ነበር። ምን እንደሆነች አላውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ ስነዳ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። አቧራ ነው ብዬ አጠብኩት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ አልተወም። አንድ ማታ በባትሪ እያበራሁ በጨርቅ ስወለውለው መቀመጫው የሚገባበት ጋ፣ ቀዩ ቀለም ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር አየሁ። በጥፍሬ ስነካት ጥፍሬን ያዘችው። ፍሬሙ ተሰንጥቋል። ያን ያህል ብር ያን ማታ አለቀ።

ስለዚህ እናንተ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ተለኩ። ማን ይምጣ? አንተ፣ ከኋላ የቆምከው። ና ወንድሜ። ጫማህን አውልቅ።

(ልጁ 1 ሜትር ከ94 ነው። ነገሩን ለምታነቡ ሰዎች ደረጃ በደረጃ እጽፈዋለሁ።)

ጀርባህን ለግድግዳው ስጥ። እግርህን አንድ ስንዝር ያህል ክፈት። ይህን ውሃ ልክ በእግሮችህ መሃል አስገባና ብስክሌት ላይ እንደተቀመጥክ ያህል ወደ ላይ ጫነው። ጫን፣ አትፈር፣ ለስላሳ ከያዝከው ልኩ ውሸት ይሆናል። ዐረፋዋ መሃል ላይ መሆኗን አንድ ሰው ይይላት። አሁን በእርሳስ ግድግዳው ላይ ምልክት እናድርግ። ከወለሉ እስከ ምልክቱ... 94። ድገመው። 93 ተኩል። አንዴ ደግመህ። 94። እሺ፣ 94 እንያዝ። ሦስቴ መለካት ግድ ነው፣ አንዴ የተለካ ልክ አትመኑ።

ይህ የውስጥ እግር ልክ ነው። 94ን በ0.883 አባዙት። 83 ይመጣል። የፔዳል ክንዶቹ ከሚዞሩበት መሃል ጀምሮ (ከዚህ በኋላ የፔዳሉ መሃል የምለው ይህን ነው)፣ በመቀመጫው ብረት መስመር፣ እስከ መቀመጫው አናት 83 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ይህን ስሌት በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ነው፣ ከፈረንሳዩ አሠልጣኝ ከሲሪል ጊማር ጋር ሆኖ። ለሞንድ ትልቁን የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ1989 እና በ1990 ያሸነፈ ሰው ነው። ስሌቱ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። በዚያ ዘመን የነበረው ጫማና ፔዳል ከዛሬው ይወፍር ነበር፣ ስለዚህ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አዙሩ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ፣ ዳሌያችሁም ወዲያ ወዲህ ካልተናጠ፣ ከፍታው ደህና ነው።

ይኸው 94 በ0.65 ሲባዛ ደግሞ 61 ይሆናል። ይህ በድሮው አለካክ የፍሬሙ ቁጥር ነው፣ የላይኛው ብረት አግድም በሆነባቸው ብስክሌቶች፣ ከፔዳሉ መሃል እስከ ላይኛው ብረት መሃል። እኛ ጋ የሚመጡት የድሮ የጣሊያን ብረት ብስክሌቶች በዚህ ነው የሚለኩት። አዳዲሶቹ ላይኛው ብረታቸው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ ስለዚህ በዚያ መስመር ብትለኩት 61 የተጻፈበት ብስክሌት 55 ሊሰጣችሁ ይችላል። ለዚህ ነው የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ የምለው። አንዱ ፋብሪካ 58 የሚለውን ሌላው 60 ይለዋል።

ሌላ አንድ ሰው ልጥራ። አንተ 1 ሜትር ከ90 ነህ አይደል? ና ተለካ። 87። አያችሁ? ከመጀመሪያው ልጅ በቁመት የሚያንሰው 4 ሴንቲሜትር ነው፣ በውስጥ እግር ግን 7። የእርሱ ቁመት ያለው ከወገቡ በላይ ነው። ብስክሌታቸው አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ይህኛው ወደ ፊት ረዘም ያለ ይፈልጋል። ያኛው ግን እግሩ ረጅም ሆኖ ደረቱ አጠር ያለ ስለሆነ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ላይ ከፍ ያለ ይፈልጋል። «ቁመቴ ይህን ያህል ነው፣ ስንት ቁጥር ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው።

አሁን ቱንቢው። ይህ ክፍል ነው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ብዙ ዓመት ሳላውቀው የነዳሁት።

ብስክሌቱን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት። መሪው የሚገባበትን የፊት ብረት አናት አግኙ። ከዚያ አናት መሃል ቱንቢውን ጣሉ። አሁን ሁለት ነገር ትለካላችሁ። አንደኛ፣ ከፔዳሉ መሃል ከፍታ እስከዚያ አናት ድረስ ወደ ላይ ስንት ነው? ይህን ስታክ ይሉታል። ሁለተኛ፣ ከፔዳሉ መሃል እስከ ቱንቢው ገመድ አግድም ስንት ነው? ይህ ሪች ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ማንኛውንም ብስክሌት ከማንኛውም ጋር ማወዳደር ትችላላችሁ። የተጻፈበት ቁጥር ምንም ይሁን ምን እነዚህ አይዋሹም።

እኔን የገረመኝን ልንገራችሁ። የተለመደ 54 ቁጥር የኮርስ ብስክሌት ሪቹ 38 ወይም 39 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የ61ዱ ደግሞ 40 ወይም 41። ልዩነቱ ሁለት ጣት አይሞላም። ስታኩ ግን ከ55 ገደማ ወደ 61፣ 62 ይሄዳል። ትልቅ ፍሬም ከትንሹ የሚለየው በዋናነት ፊቱ ከፍ በማለቱ ነው ማለት ነው! እኛ ደግሞ ትንሹን ገዝተን ከፍ የምናደርገው የኋላውን ነው።

በመጀመሪያው ልጅ እንየው። መቀመጫው 83 ላይ ሲሆን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲለካ ከፔዳሉ መሃል 79 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የ54ቱ ብስክሌት መሪ፣ ሥሩ ከፍ የሚያደርገው ቀለበት ተጨምሮበትም ቢሆን፣ 62 ላይ ነው። መሪው ከመቀመጫው 17 ሴንቲሜትር ዝቅ አለ ማለት ነው። ከስንዝር ብዙም አያንስም። በ61ዱ ላይ ግን ወደ 10 ይወርዳል። ለአንድ ጤነኛ ወጣት ነጂ 10 ደህና ነው። 17 ለሦስት ሰዓት ተጎንብሶ መንዳት ግን ከወገብ ጋር መጣላት ነው።

(እዚህ ጋ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «የፕሮፌሽናሎቹን ፎቶ ስናይ መቀመጫቸው ሰማይ ነው፣ መሪያቸው መሬት ነው። እነሱ እንዴት ቻሉት?» አለ።)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን እኔም ፎቶውን ስልኬ ላይ አድርጌ ነበር። ሁላችንም የምናየው ቅርጹን ነው። ፕሮፌሽናሎቹ ብዙዎቹ ሆን ብለው አንድ ቁጥር አነስ ያለ ፍሬም ላይ ረዥም ስቴም (መሪውን ከፊት ብረት ጋር የሚያያይዘውን) ገጥመው ይነዳሉ፣ እውነት ነው። ግን በየቀኑ አራት አምስት ሰዓት የሚነዱ፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ወገባቸው የተገራ፣ ማሳጅ የሚያደርግላቸው ሰው ያላቸው ናቸው። እነሱም ቢሆኑ አንድ ቁጥር ነው የሚያንሱት፣ እንደ እኔ ሦስት ቁጥር አይደለም።

«ንፋሱስ?» የምትሉም አላችሁ። የሰንዳፋን ሜዳ የነዳ ሁሉ ንፋሱን ያውቀዋል። ረጅም ሰው ንፋስ ይበዛበታል፣ አልክድም። ዝቅ ማለትም ይጠቅማል። ግን የሚጠቅመው ዝቅ ብላችሁ መቆየት ከቻላችሁ ነው። መሪው በጣም ዝቅ ያለ ሰው አሥር ደቂቃ ጎንበስ ይልና ክንዱን አቃንቶ ቀጥ ይላል፣ ያኔ እንደ ሸራ ንፋሱን ይሰበስባል። መሪው ልኩ የሆነ ሰው ክርኑን አጥፎ ግንባሩን ዝቅ አድርጎ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ደግሞ እኛ ያለንበት ከፍታ ለዚህ ይረዳናል። እዚህ 2,400 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ከፍታ ላይ ወዳለችው ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ ሄዶ፣ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን የሰበረው ለዚህ ነው። ሳምባ ይቸገራል፣ ንፋሱ ግን ይቀላል።

መርክስን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህ ሰው በዓለም ከነዱት ሁሉ ብዙ ያሸነፈ ነው፣ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ክፉኛ ከወደቀ በኋላ ወገቡ አልተመለሰለትም። በውድድር መሃል እየነዳ ኪሱ ውስጥ በያዘው ቁልፍ መቀመጫውን ከፍ ዝቅ ያደርግ ነበር። ሚሊሜትር እየፈለገ። እኛ ደግሞ ስድስት ሴንቲሜትር የጎደለውን «ይለመዳል» እንላለን።

«ረጅም ሰው ለብስክሌት አይሆንም» የሚል ወሬም እዚሁ ሰፈር እሰማለሁ። ሚጌል ኢንዱራይን 1 ሜትር ከ88 ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ቱር ደ ፍራንስን አምስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ብራድሊ ዊጊንስ 1 ሜትር ከ90፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አሸነፈ። ኮነር ደን የሚባለው አየርላንዳዊ 2 ሜትር ከ4 ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሩ ሻምፒዮን ሆኗል። የእኛን ኮብልስቶን የምትፈሩ ካላችሁ ደግሞ፣ ማግኑስ ቤክስቴት ከ1 ሜትር ከ90 በላይ፣ ከ90 ኪሎ በላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2004 የፓሪስ ሩቤን ውድድር ያሸነፈው በድንጋይ መንገድ ላይ ነው። ዳገት ላይ ቀላሉ ልጅ ይቀድማችኋል፣ እሺ። ሜዳ ላይ ግን ሁሉም ከኋላችሁ መደበቅ ነው የሚፈልገው።

ስለ ፔዳል ክንድ ብዙ አልልም። 170፣ 172.5፣ 175 ሚሊሜትር ናቸው በብዛት የምታገኙት። ረጅም ሰው 175 ይስማማዋል ይባላል፣ አሁን አሁን ደግሞ አጠር ያለውን የሚመርጡ በዝተዋል። ለዚህ ብላችሁ ብር አታውጡ። ብቻ ክንዱን በ5 ሚሊሜትር ካስረዘማችሁ መቀመጫውን በ5 ሚሊሜትር ዝቅ ማድረግ እንዳትረሱ። የመሪ ስፋት በትከሻችሁ ነው፣ 44 ሴንቲሜትር ለብዙዎቻችሁ ይሆናል። የጎማ ስፋት ፍሬሙ ከቻለው 28 ሚሊሜትር አድርጉ። ቸርኬው ሽቦው የበዛ ይሁን፣ 32 ወይም 36። ከባድ ሰው ሽቦው 20 በሆነ ቸርኬ በእኛ ጉድጓድ ላይ ባይሄድ ይሻላል።

ይህን ግን በደንብ ያዙልኝ። ያገለገለ ብስክሌት ስትገዙ ከመሪው ሥር የሚወጣውን የፎርክ ብረት እዩት። የመጀመሪያው ባለቤት ለራሱ ልክ ቆርጦታል። የተቆረጠ አይቀጠልም። ሥሩ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ቀለበት የተረፈበት ብስክሌት ለረጅም ሰው ከቀለሙና ከማርሹ በላይ ዋጋ አለው። እኔ ብስክሌት ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ካርቦን ከሆነ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ቀለበት አይደረድሩበትም፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ይበቃዋል። ስቴም ገልብጦ ወደ ላይ እንዲያይ ማድረግም አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ይጨምራል።

ትልቁ ካልተገኘስ? አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፣ ችግራችን ይኸው ነው። 61 ለሚፈልግ ሰው 58 በእነዚህ ዘዴዎች ሊስተካከል ይችላል። ረዥም የመቀመጫ ብረት ግዙ፣ ያቺ መስመር ከፍሬሙ ውስጥ ትቅር። 56 ያስቸግራል። 54 ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ምንም ያህል ቢረክስ፣ ተዉት። ሻጩ መቀመጫውን ወደ ላይ ሲስብ አመስግናችሁ ውጡ። ከውጭ የሚልክላችሁ ወይም ሲመጣ ይዞላችሁ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ «ትልቅ ብስክሌት አምጣልኝ» አትበሉት። «ስታኩ ከ60 በላይ፣ ሪቹ 40 ገደማ» ብላችሁ ጻፉለት። አክስቴ አሁን የምነዳውን ያመጣችልኝ እንዲህ ነው። ስለ ብስክሌት ምንም አታውቅም፣ ወረቀቱን ለሱቁ ሰዎች አሳየቻቸው፣ አለቀ። ቁጥሩ 60 ነው፣ አረንጓዴ። ከእሱ በኋላ ወገቤን አላመመኝም። ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ደርሼበት ነበር፣ 130 ኪሎ ሜትር፣ ጣቴ አልደነዘዘም።

ይህ ልጅ ወረቀት ይሰጠው። ጻፍ፦ የውስጥ እግር 94፣ መቀመጫ 83፣ ፍሬም 61 ገደማ፣ ስታክ ከ61 በላይ። ኪስህ ውስጥ ክተተው፣ መርካቶ ስትሄድ ሜትሩንም ይዘህ ሂድ። የብስክሌትህን መቀመጫ ደግሞ አሁን እናየዋለን፣ ያቺ መስመር ወጥታ ከሆነ ዛሬ በእሱ ወደ ቤት አትሄድም፣ እኔ አደርስሃለሁ።

ሌሎቻችሁ ጫማችሁን አውልቁና በግድግዳው በኩል ተሰለፉ። ግንበኛው ዕቃውን ለ6 ሰዓት ይፈልገዋል።